ስፒል የያዘ አፍ

ወጣቷ ከሆስፒታል ስትመለስ በጓሮ በኩል የታጠፈችው የእናቷን እህት፣ ልብስ ሰፊዋን አክስቷን ላለማግኘት ነበር። አክስቷ ደግሞ በዚያው ሰዓት ቁርጥራጭ ጨርቅ ሊያራግፉ ወደ ጓሮ ብቅ አሉና ፊት ለፊት ተፋጠጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ከመቼ ወዲህ ነው በጓሮ መሄድ የጀመርሽው? ነይ ግቢ፣ ለእህትሽ ሠርግ የምትለብሽውን ቀሚስ ላጥብበው!»

ሱቁ እንደ ድሮው ነው። እናቷ ከሞተች በኋላ ያደገችው በዚህ መቁረጫ ጠረጴዛ ሥር፣ ለአሻንጉሊቷ ብጣሽ ጨርቅ እየለቀመች ነው። የአክስቷ ልጅና እሷ በአንዲት አሻንጉሊት ሲጣሉ ውለው፣ ማታ የስፌት መኪናው ድምፅ እያባበለ ያስተኛቸው ነበር። ያን ጊዜ ስለ ሆዳቸው የሚያስቡት ሲርባቸው ብቻ ነው። ያ ዘመን ናፈቃትና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ያቺ እህቷ አሁን ልትዳር ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ አዝራር ትተክላለች።

«እትዬ፣ ሐኪሙ እናቴ በምን እንደሞተች ጠየቀኝ። ጨጓራ አልኩት። እውነት ጨጓራ ነበር?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

አክስቷ ስፒሎች አፋቸው ውስጥ ከተቱ። መልስ ሲቸግራቸው እንዲህ ማድረግ የቆየ ልማዳቸው ነው።

«አምና ይህን ቀሚስ ወገቡን ደጋግመው አሰፉልኝ። ክንዴ እየከሳ ሆዴ ሲሰፋ ሜትርዎ ከሐኪም ቀድሞ አይቷል። ምን መስሎዎት ነው ዝም ያሉት?»

አክስቷ ስፒሎቹን አወጡ። «አረገዘች ብዬ ነዋ! ገና ያላገባሽ ልጅ፣ ላሳፍርሽ? ልብስ ሰፊ ሜትሩ ያየውን አይናገርም። ገመናሽን ልሸፍን ብዬ ነው።»

ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ወዲያው ወደ ለቅሶ ዞረ።

«እኔ ደግሞ እርስዎ ዝም ሲሉ ደህና ነኝ ብዬ ተዘናጋሁ። ትንሽ ቀምሼ እጠግባለሁ፣ ሽንት ያጣድፈኛል፣ ከእምብርቴ በታች ያመኛል። የሴት ነገር አይወራም ተብዬ ያደግሁ ልጅ ለማን ልንገር?»

መቼም ደግ ሰው በደግነቱ ያጠፋውን ለመውቀስ አይመችም። አክስትየዋ ክፋት የለባቸውም፤ ገመናንና ሕመምን ለይቶ የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም።

«ታዲያ አሁን ምን አድርጊ ነው የምትይኝ?»

«ለእህቴ እንንገራት። የሆድ መነፋት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ ሲሰነብት ግን መታየት ነው። እኔ ላይ የተገኘው የእንቁላል ማመንጫ ካንሰር በዘር የሚመጣበት ጊዜ ስላለ፣ እሷም የቤተሰቧን ታሪክ ይዛ ሐኪም ታማክር ተብያለሁ።»

«ሆስፒታል ስትገቢ ለሰው ሁሉ ትርፍ አንጀት ነው ያልኩት ለሷ ብዬ አይደል? የሙሽራው ወገን ሰምቶ ሠርጉ ቢቀርስ?»

«ሠርጉ እንዳይቀር ብለን እሷን ብናጣስ? እኔ ከእንግዲህ ልጅ መውለድ መቻሌን እንኳ አላውቅም፣ እትዬ። ቀድሜ ብሄድ ኖሮ ይህን ያህል ባልተጎዳሁ።»

አክስቷ ስፒሎቹን መልሰው አፋቸው ውስጥ ከተቱና ወገቧ ላይ ሜትሩን አዞሩ። በሕክምናው መንምና ሜትሩ ተረፋት። አክስቷ ሜትሩን ለቀቁት። ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥተው መሰኪያው ትራስ ላይ ሰኩ።

«እናትሽ ቢጫ ቀሚሷን አሰፊልኝ ብላ ስታመጣ ‹ወፈርኩ እኮ› እያለች ትስቅ ነበር» አሉ። «እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ሆዷ ተነፍቶ እስክትሞት ድረስ አሰፋሁላት እንጂ አንድ ቀን ምን ሆነሽ ነው አላልኳትም።» እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉና ወደ መጋረጃው ዞሩ። «አንቺ ሙሽራ! አዝራሩን ተዪና ነይ። ስለ ሟቿ አክስትሽ የምነግርሽ አለ።»

ሙሽራዋ ከሠርጉ በፊት ሐኪም አማከረች፤ ለጊዜው ደህና ናት፣ ክትትል ግን ተጀመረላት። ሠርጉም አልቀረም። እንዲያውም የሙሽራው እናት ነገሩን ሲሰሙ ልብስ ሰፊዋን ለብቻ ጠርተው፣ «እኔም የምደብቀው ሕመም አለኝ፤ ያ ሐኪም የት ነው?» አሉ።

ዛሬም ደንበኛ ቀሚስ ይስፋልኝ ብላ ስትመጣ አክስትየዋ ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ፣ ወንበር ይስባሉ። «ማስፋቱን አሰፋልሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን፣ የኔ ልጅ፣ ደህና ነሽ ወይ?» ይላሉ። ከዚያ ስፒል የሌለበትን አፋቸውን ገጥመው መልሱን ይጠብቃሉ።