ጥለቱ ወደ ላይ የዞረው መጋረጃ

ስሙኝማ! በጣሊያን ጊዜ ቂርቆስ ሽመና ላይ ነኝ። አዲስ ሸማ የሚያሠራ ሰው ጠፍቶ እጄን አጣጥፌ እንደተቀመጥኩ፣ ካዛንቺስ ከተሠሩት አዳዲስ ቤቶች በአንዱ የሚኖር የጣሊያን ሹም ሚስት ወጥ ቤቷን ዘነበችን አስከትላ መጣች። ዘነበች የሰፈሬ ልጅ ናት፤ ወንድሟን ጣሊያን ገድሎባት ለቅሶ እንኳ መቀመጥ አልቻለችም። ሴትዮዋ የፈለገችው ባለጥለት የመስኮት መጋረጃ ነው። ሸማ መስኮት ላይ ሲሰቀል አይቼ አላውቅም፤ ግን መብላት አለብኝ፣ እሺ አልኩ።

"ጥለቱ ከላይ ይሁን ትላለች፣ ጋሼ" አለችኝ ዘነበች።

እንዴ! ጥለት ወደ ላይ የምናዞረው ሰው ሲሞትብን አይደል? "ኧረ ይሄ የሐዘን ነው፣ ንገሪያት!" አልኳት። ዘነበች በጣሊያንኛ ረጅም ነገር አወራች። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ መለሰች።

"‘አውቃለሁ፣ ከላይ ይሁን’ ነው የምትለው" አለችኝ ዘነበች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

ከየት አወቀችው? ሐዘን ያለበት ሰው እንዲህ ፈገግ ይላል? ነገሩ ቢከነክነኝም ሠራሁትና ራሴ ሄጄ ሰቀልኩት። ሴትዮዋ "ቤሎ! ቤሎ!" እያለች አጨበጨበች። ዘነበች ግን ከኋላዋ ቆማ ጥለቱን ቀና ብላ አየችና፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ "ነፍስ ይማር" አለች።

ሴትዮዋ ያን ቀን ምን ብላ እንደነበር እስከ ዛሬ ማወቅ እፈልጋለሁ። ዘነበችን ግን አልጠየቅኳትም።