ድንኳን የሌለው ማኅበር

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይሉ ነበር አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። በእኛ ጊዜ ልጆቼ፣ ማኅበር ማለት ወይ ጽዋ ነው ወይ እድር ነው፤ በቃ፣ ሌላ አናውቅም። እኔ እንደምታውቁኝ ካዛንቺስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥበቃ ነኝ፤ የሠራተኛው እድር ድንኳንም በእኔ እጅ ነው።

ታዲያ ባለፈው ክረምት ጥሩዬ፣ የጽዳት ሠራተኛችን፣ ደረጃ ስታጥብ ተንሸራታ ወገቧን ተጎዳች። ልጆቿን ብቻዋን ነው የምታሳድገው። እና አለቃዋ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «መጥረጊያ መያዝ ካቃተሽ ከሰኞ ጀምሮ ቤትሽ ተቀመጪ!» እንዲህ አፍንጫውን ነፍቶ። እኔ ዑራኤል ሄጄ ጸለይኩላት፤ ሌላ ምን አቅም አለኝ?

ታዲያ በማግሥቱ የሒሳብ ሹማችን እናት ዐርፈው ድንኳኑን ሳወጣ፣ ለጉዳይ የመጣ አንድ የማላውቀው ሰው ቋሚውን ያዘልኝ።

«አባባ፣ ለቅሶው ላይ ሠራተኛው ሁሉ ይመጣል?» አለኝ።

«እንዴታ! ከዳይሬክተሩ እስከ እኔ። የቀረ ይቀጣል!»

«እኛም ማኅበር አለን፤ የመንግሥት ሠራተኞች ነን፣ በየክልሉ አባል አለን።»

ደስ አለኝ። «ድንኳናችሁ ትልቅ ነው?» አልኩት።

«ድንኳን የለንም።»

«ድስትስ?»

«የለንም።»

«ምኑን ማኅበር ሆነ ታዲያ! ሰው ሲሞትባችሁስ?»

ሳቀ። «ለእሱ እድር አለ። እኛ የምንሰበሰበው ሰው ሥራው ላይ ሲበደል ነው። አለቃ ፊት ማንም ብቻውን አይቆምም።»

«አለቃውስ እሺ ይላል?»

«አንዳንዴ እሺ፣ አንዳንዴ እምቢ።»

ገረመኝ። የጥሩዬን ነገር አጫወትኩት። ቋሚውን እንደያዘ አንድ ነገር ጠየቀኝ።

እና ጥያቄውን ይዤ ለቅሶው ቤት ለእድሩ ሊቀመንበር ነገርኩት። «አባባ፣ እድር እኮ ለሐዘን ነው!» አለኝ።

«የጥሩዬስ ሐዘን አይደለም?» አልኩት። እሱም ተነሥቶ ነገሩን ለእድርተኛው ተናገረ።

ታዲያ ሰኞ ጠዋት እድርተኛው በሙሉ፣ ሴቱም ወንዱም፣ ነጠላውን እንዳጣፋ ደረጃውን ወጣን። አለቃው ሲያየን ከወንበሩ ብድግ! «ማን ሞተ?» አለ፣ ደንግጦ። «ማንም አልሞተም፤ ስለ ጥሩዬ ነው» አልነው። ሁላችንንም አንድ በአንድ አየና ተቀመጠ። ይኸው ዛሬ ጥሩዬ ከእኔ ጋር በሩ ላይ ለእንግዳ የመግቢያ ካርድ ትሰጣለች፤ ተመስገን።

ያ ሰውዬ ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። ያን ቀን የጠየቀኝ ግን ይኸው፣ እንዳለው፦ «አባባ፣ እናንተ እንዲህ እንድትሰበሰቡ የግድ ሰው መሞት አለበት?»