የካርዱ ጀርባ

ሁለት ሰዎች አንድ አንድ እግራቸው ባዶ ሆኖ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ከተቀመጡ ቢከራከሩም ተነስቶ መሄድ የለም። እትዬ ዝምታ ያን ቀን የገጠማቸው ይኸው ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥተው መንገድ ሲሻገሩ የቀኝ ጫማቸው ታኮ ድንጋይ መሐል ተሰንቅሮ ተነቀለ፤ ታኮውን በእጃቸው ይዘው እያነከሱ ማእዘኑ ላይ ካለው ጫማ ሰፊ ዘንድ ደረሱ። እዚያ ደግሞ አንዲት ወጣት የግራ እግሯን ካርቶን ላይ አሳርፋ ተራዋን ትጠብቅ ነበር።

«እትዬ ዝምታ» አንባቢዎች ያወጡላቸው ስም ነው። በቤተ መጻሕፍቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም፤ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ካዩ አዳራሹ ጸጥ ይላል። ስሙን ከኋላቸው ሲጠሩት ይሰማሉ፤ እንዳልሰማ ሆኖ ማለፍም ያውቁበታል።

ወጣቷ ገና ስታያቸው ከመቀመጫዋ ብድግ አለች፤ እግሯ ባዶ መሆኑን አስታውሳ መልሳ ተቀመጠች።

«እትዬ! እንደምን ዋሉ? ትናንት ስብሰባው ላይ ላነጋግርዎ ስፈልግ አመለጡኝ።»

እትዬ ዝምታ አወቋት። ለቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች የኢንተርኔት መሣሪያዎችን እንድታስተምር የተላከችው አሠልጣኝ ናት። ትናንት ያመለጧትም ሆን ብለው ነበር።

«ደህና ነኝ ልጄ። ያመለጥኩሽ እንኳ በሁለት ታኮ ስሄድ ነው፤ ዛሬ በአንዱ የት እደርሳለሁ?» አሉና ተቀመጡ።

ጫማ ሰፊው ሳቅ አለና የሁለቱንም ጫማ ጎን ለጎን አስቀመጠ።

«እንግዲህ እግዜር ካገናኘን ልናገር» አለች አሠልጣኟ። «የሁሉም ሠራተኛ የሥልጠና ቅጽ ደርሶኛል። የቀረው የእርስዎ ብቻ ነው። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስም ዝርዝሩን አስገባለሁ። ያልሠለጠነ ሰው ደግሞ ከአንባቢዎች ጠረጴዛ ተነስቶ ወደ ምድር ቤቱ መጋዘን እንደሚዛወር ተነግሯል።»

«ሰምቻለሁ። መጋዘን ውስጥ አይጥ እንጂ አንባቢ የለም። ለስሜ የሚስማማ ቦታ ነው።»

«እትዬ፣ ቀልዱን ይተዉትና ምንድን ነው የከለከለዎት?»

እትዬ ዝምታ ቦርሳቸውን ወደ ጎናቸው ሳብ አደረጉ። ቅጹ ቦርሳቸው ውስጥ ሳይፈረም ተጣጥፎ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ሐሳባቸው ወዲህም ወዲያም ሆኖባቸው እንጂ ጠልተውት ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚያስቸግረውም እንዲህ ያለው ነገር ነው። የሚጠሉትን አንድ ጊዜ እምቢ ብለው ይገላገሉታል፤ ግማሹን የሚወዱትን ግን ምን ይሉታል?

«እውነቱን ልንገርሽ» አሉ። «ባለፈው ወር ለአንድ ተማሪ ሁለት ቀን ፈልጌ ያጣሁትን ጽሑፍ የሥራ ባልደረባዬ ሻይዋ ሳይበርድ አገኘችው። ደስ አለኝ፤ ተናደድኩም። ሁለቱ እንዴት አብረው አንድ ሆድ ውስጥ እንደሚገቡ አላውቅም፣ ብቻ ገቡ።»

«ታዲያ ደስታው አይበልጥም?»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። በኔ ዕድሜ ከልጆች ፊት ተቀምጦ ‹ይህ ፊደል የት ነው?› ማለት አለ። እርጅና ብቻህን ና ሲባል የሚመጣው ግን ጓዙን ጠቅልሎ ነው። ደግሞ መጽሐፉ የት ነው ሲሏችሁ ደመና ላይ ነው ትላላችሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!»

አሠልጣኟ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ደመና የሚሉት ስሙ ነው እትዬ። ነገሩ ያለው እንደ እናንተ መደርደሪያ የሚጠበቅ ማሽን ውስጥ ነው። ደግሞም ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? መማር ለማንም አያሳፍርም።»

«እሱ ተረት ለልጅ ነው የሚነገረው። እኔ ጠምጥሜ ጨርሻለሁ።»

አሠልጣኟ ፊቷን ወደ ጫማ ሰፊው አዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱን። ይህ የስፌት መኪና ሳይመጣ በወስፌ ነበር የሚሠሩት፤ አይደለም? መኪናው ጎዳዎት?»

«ኧረ ምን ሊጎዳኝ!» አለ ጫማ ሰፊው። «ቀኑን ሙሉ ይፈጅብኝ የነበረውን በሰዓት ይጨርስልኛል።»

«ሰሙ እትዬ?»

«ግን ወስፌዬንም አልጣልኩም» ሲል ጨመረ። «መኪናው ቀጥ ያለውን ነው የሚሰፋው። ጠማማው ላይ ሲደርስ ይደናገራል።»

«አንቺስ ሰማሽ?» አሉ እትዬ ዝምታ።

ጫማ ሰፊው ሁለቱንም ባስደሰተ ፍርዱ ጥቂት ከኮራ በኋላ መዶሻውን አስቀመጠና ከሳጥኑ ሥር አንዲት ትንሽ ጫማ አወጣ። የአንደኛው እግር ሶል በሦስት ጣት ከፍታ ተደራርቧል።

«እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እስቲ እኔም ልጠይቃችሁ» አለ። «አንዲት እናት የስምንት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። የልጅቷ ግራ እግር ያጥራል። ሶሉን አንስቼ ሠራሁላት፤ ወደቀች። አፍርሼ ሠራሁላት፤ ደግማ ወደቀች። ሙያውን ያስተማሩኝ ጌታዬ እናንተ ቤተ መጻሕፍት ስለዚህ ሥራ ሥዕል ያለው መጽሐፍ እንዳዩ ይነግሩኝ ነበር። ሄጄ ቆዳ ሥራ መደርደሪያው ላይ ፈለግሁ፤ የለም።»

«ቢፈልጉትም አያገኙትም» አሉ እትዬ ዝምታ ቀስ ብለው። «ጣሪያው ያፈሰሰ ዓመት ረጥቦ በሰበሰ። ሽፋኑ ቡናማ ነበር።»

አሠልጣኟ ጊዜ አላጠፋችም። ስልኳን አወጣችና ስለ ጫማ አሠራር ጠየቀች። የሚሸጥ ጫማ ብቻ ተዥጎደጎደ፤ ባለ ታኮ፣ የስፖርት፣ የሙሽራ። ቃሉን ቀያየረች፤ ቅናሽ ያለበት ጫማ መጣላት።

«ጫማ ብለሽ አታገኚውም» አሉ እትዬ ዝምታ። ዓይናቸውን ጨፍነው የመጻሕፍቱ መመዝገቢያ ካርዶች የሚቀመጡበትን መሳቢያ በሐሳባቸው እየሳቡ ነበር። «መጽሐፉ የተመዘገበው ከአጥንት ሕክምና ጋር ነው። ሰው ሁሉ ግን የሚፈልገው ቆዳ ሥራ ላይ ነው። ካርዱ ጀርባ ላይ ተጽፏል። ርዕሱን ልንገርሽ፣ ጻፊ።»

ርዕሱን ነገሯት፤ ጻፈች። ከአገሩ ሌላ ጫፍ ያለ አንድ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ያንኑ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት አድርጎታል። አሠልጣኟ ስልኩን ስትዘረጋለት ጫማ ሰፊው እጁን በሽርጡ አንድ ሁለቴ ጠረገና ጎንበስ ብሎ አየ።

«አሃ!» አለ። «ሶሉ ጣቷ ጋ ሲደርስ ወደ ላይ ተሞርዷል! ወፍራም ሶል አይታጠፍማ፤ እግሯ መንከባለል አለበት። እኔ እኩል አንስቼው እንደ ግንድ ያደናቅፋታል! አንቺ ልጅ፣ እንዳታጠፊው፣ ሥዕሉን ልገልብጠው።» ከጫማ ካርቶን ላይ ክዳኑን ቀድዶ በእርሳስ መሳል ጀመረ።

አሠልጣኟ ግን የያዛት ሌላ ነገር ነበር። «እትዬ፣ ካርዱ ጀርባ ላይ ተጽፏል አሉ። ምንድን ነው የሚጻፈው?»

«ልማዳችን ነው። አንባቢ መጥቶ መጽሐፉን ካጣ፣ ወይም ያለቦታው ሲፈልግ ከቆየ፣ ምን ብሎ እንደጠየቀ በራሱ አነጋገር ካርዱ ጀርባ ላይ በእርሳስ እንጽፋለን። መጽሐፉን የጻፈው ሰውና የሚፈልገው ሰው ቋንቋቸው አንድ አይደለም። ‹ልጄ ሌሊት ያፍነዋል› የሚል አባት ‹የመተንፈሻ አካላት› የሚለውን ርዕስ ከየት ያመጣዋል?»

«በሁሉም ካርድ ላይ አለ?»

«በአብዛኛው። ሁለት ሆነን ነው የጻፍነው። አንደኛው እጅ የኔ ነው።»

«ሁለተኛውስ?»

«የባልደረባዬ ነው» አሉ እትዬ ዝምታ። «አሁን የለም።»

ባልደረባ ያሉት ሃያ ሁለት ዓመት አብረዋቸው የኖሩት፣ ከስምንት ዓመት በፊት የሞቱት ባላቸው እንደሆኑ ጫማ ሰፊው ያውቃል። እርሳሱን አስቀምጦ መዶሻውን አነሳና ያልላላ ምስማር ደጋግሞ መታ።

አሠልጣኟ ፊቷ ተለዋወጠ። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልናዘዝ» አለች። «በዕቅዱ መሠረት የካርዶቹ ፊት ብቻ ኮምፒውተር ላይ ይጻፋል። ከዚያ ካርዶቹ ወረቀት ለሚፈጭ ድርጅት ይሰጣሉ። በወሩ መጨረሻ እንዲወሰዱ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አንድ ካርድ እንኳ ገልብጬ አላየሁም።»

«አውቃለሁ» አሉ እትዬ ዝምታ። «ማስታወቂያውን አንብቤዋለሁ።»

«አውቀው ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? ‹የአሮጊት ጫር ጫር ነው› ብትሉኝስ? እሱን ከምሰማ መጋዘን መውረድ ይሻላል ብዬ ነው።»

ሰው የሚወደውን ነገር እንዳይናቅበት ፈርቶ ሲደብቀው ብዙ ጊዜ ለጥፋት ያዘጋጀዋል። ያልተነገረ ዕውቀት የሚጠፋው ጠላት ሳያስፈልገው ነው። እትዬ ዝምታ ይህንን አያውቁም ማለት አይደለም፤ ሌላ ሰው ፊት ግን ተናግረውት አያውቁም።

«ካርዶቹ እንዳይወሰዱ ዛሬውኑ አስቆማለሁ» አለች አሠልጣኟ። «ይህ የኔ ጥፋት ነው፤ እኔው አርመዋለሁ። ግን ልብ ይበሉ፤ ካርዶቹ ቢተርፉም መሳቢያ ውስጥ ነው የሚተርፉት። ዛሬ ይህ መጽሐፍ የተገኘው እርስዎ ታኮዎ ስለተነቀለ ነው። ታኮዎ ባይነቀል ያቺ ልጅ ለሦስተኛ ጊዜ ትወድቅ ነበር። በየቀኑ ታኮ አይነቀልም እትዬ።»

እትዬ ዝምታ ባዶ እግራቸውን ካርቶኑ ላይ አሻሹ።

«የእርሳስ ጽሑፋችሁን ከእርስዎ በቀር የሚያነበው የለም» ስትል ቀጠለች። «እኔ መጻፊያውን አውቃለሁ፤ የሚጻፈውን አላውቅም። እርስዎ ካልተማሩ እኔም ሥራዬን አልጨርስም። የምለምንዎት እንዲሻሻሉ አይደለም፤ ያ ጽሑፍ እንዳይጠፋ ነው።»

«እሱን ቀድመሽ ብትናገሪ ኖሮ ይህን ሁሉ አልከራከርሽም ነበር» አሉ።

«ቀድሜ አላውቀውማ!»

ጫማ ሰፊው ታኮውን ማስቲሽ ቀብቶ እየተጫነ፣ «እትዬ፣ በየጠማማው ላይ ወስፌው እርስዎ ነዎት» አለ። «መኪናው ላይ ቢቀመጡ ደግሞ ማን ይከለክልዎታል?»

እትዬ ዝምታ ቦርሳቸውን ከፍተው ቅጹን አወጡ። እጥፋቱን በመዳፋቸው አቀኑት።

«አንድ ነገር ታደርጊልኛለሽ። ኮምፒውተሩ ላይ ለማስታወሻው ቦታ ስታበጂ ከሥሩ ሌላ አንድ ቦታ ጨምሪ። ማን እንደጻፈው የሚጻፍበት።»

«እጨምራለሁ» አለች አሠልጣኟ። እትዬ ዝምታ ቅጹን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፈረሙ። ሰዓቱ ገና ስምንት አልሞላም ነበር።

ሥልጠናው ቀላል ነበር ማለት ውሸት ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ማውሱን እየገፉ ገፍተው ከጠረጴዛው ጣሉት፤ በሁለተኛው ቀን የጻፉትን ግማሽ ገጽ አጠፉና፣ «የት ሄደ?» ብለው ከጠረጴዛው ሥር አጎንብሰው አዩ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሲያዩ ሳቁ ጸጥ አለ፤ ቀጥሎ ራሳቸው ሳቁ። በሦስተኛው ሳምንት የጎደለውን መጽሐፍ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት መጠየቅ ለመዱ። ከዚያ ወዲያ «የለንም» የሚለው ቃል «እስቲ ሌላ ቦታ ልይልህ» በሚል ተተካ። የካርዶቹ ጀርባ ኮምፒውተር ላይ ከሰፈረ ወዲህ «ልጄ ሌሊት ያፍነዋል» ብሎ የሚጽፍ አባትም በገዛ አነጋገሩ ከሚፈልገው መጽሐፍ ይደርሳል። አንባቢ እትዬ ዝምታን ማናገር ይተዋል ብለው የፈሩትም አልሆነም፤ እንዲያውም የማሽኑን መልስ ይዞ «ይህ ልክ ነው?» የሚላቸው ሰው በዛ።

ካርዶቹን ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ በጀመሩበት ጠዋት መጀመሪያ የሳቡት መሳቢያ የአጥንት ሕክምናውን ነበር። አሠልጣኟ ከጎናቸው ቆማለች። የቡናማውን መጽሐፍ ካርድ አወጡና ገለበጡት። በቀጭን እርሳስ፣ ወደ ቀኝ ባዘነበለ እጅ ተጽፏል፦ «አንድ ጫማ ሰፊ ጠየቁ። ቆዳ ሥራ ላይ ፈልገው አጡ። የፈለጉት ጫማ አይደለም፣ የሰው እግር ነው።»

በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል፣ ጻፉት። አሠልጣኟ እጁ የእትዬ ዝምታ አለመሆኑን አየችና ወደ ሌላው ጠረጴዛ ሄደች።

ያን ዕለት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ መሳቢያው ላይ አርፋ ነበር። በውጭ በኩል አንዲት ልጅ የእናቷን እጅ ሳትይዝ በደረጃው ወጣች፤ በግራ እግሯ ያለው ጫማ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ብሏል። እትዬ ዝምታ በመስታወቱ አዩዋት፤ እስክትገባ ጠበቁ። ከዚያ ወደ ማሽኑ ተመለሱ። ከማስታወሻው ሥር አንድ ባዶ ቦታ ቀርቷል። ስምንት ዓመት ሙሉ የትም ያልጻፉትን ስም እዚያ ላይ ጻፉ፤ አንድም ፊደል እንዳልተሳሳተ ደግመው አነበቡና ቀጣዩን ካርድ አነሱ።