ለተሳፋሪ ምቾት

ዝናቡ ባያሳድደን ኖሮ ሦስታችን በአንድ ፌርማታ ጥላ ሥር ባልተገናኘን። እኔ ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ። ጎረቤቴ አባባ ቶኩዞ ሠላሳ ስምንት ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል፤ አሁን ከተማችን ሂኖሳቶ በምትሞክረው፣ ራሱን በሚነዳው አውቶቡስ ላይ ነጭ ጓንታቸውን አጥልቀው፣ ካስፈለገ ፍሬን ሊረግጡ በጠባቂነት ይቀመጣሉ። ሦስተኛዋ ቺጉሳ የምትባል ወጣት የደኅንነት ተቆጣጣሪ ናት። ከሰኞ ጀምሮ አውቶቡሱ ያለ ጠባቂ እንዲሄድ የሚፈቅደው ወረቀት የእርሷን ፊርማ ይጠብቃል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ» አለች ጃንጥላዋን እያራገፈች፤ «ፍሬን በረገጡ ቁጥር ምክንያቱን ይጽፋሉ። አርባ አንዱንም ጊዜ ‹ለተሳፋሪ ምቾት› ብለዋል። ዘጠኙ አትክልት ቤቱ ጥግ ነው። ሰው ሁሉ እዚያች ጥግ ሲደርስ ነው እንዴ የማይመቸው?»

«የጎመኑ ሽታ ይሆናላ!» አልኩ፣ ነገር ላበርድ።

አባባ ቶኩዞ አልሳቁም። «ልጄ፣ ጀማሪ ሾፌር ሲሳሳት በሰው ፊት አይዋረድም። ቀስ ብሎ በእግር መርዳት ነው። መሐንዲሶቹ ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብለው እጅ ይነሱኛል። በምን አፌ ላሳጣቸው?»

«ጀማሪ እኮ ይደነግጣል፣ ያፍራል፣ ሌላ ቀን ይጠነቀቃል። ማሽን አያፍርም፣ አባባ። እርስዎ ካልነገሩን ማን ይነግረናል? ሰኞ ደግሞ እርስዎ የሉም።»

ልጅ ሽማግሌ ስትመክር መስማት ደስ አይልም፤ እውነቷን ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

«ይህ ሰውዬ እንኳ» አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ፣ «አውቶቡሱ ቶሎ ይለቀቅልን ብሎ ማመልከቻ ላይ በፊርማ ፈንታ የሃያ ሦስት ቤት ማኅተም ሰብስቧል። የጎረቤቴን ደስታ ላፍርስ?»

እኔም እንደ ጀግና ደረቴን ነፋሁ።

«እሺ፤ ጥጉ ላይ ምን ነበር?» አለች ለስለስ ብላ።

ሽማግሌው ጓንታቸውን አወለቁ። «አንዲት እናት። ወገባቸው ስለጎበጠ ከሚገፉት ጋሪ በላይ አይታዩም። ማሽኑ ሰው አይመስሉትም መሰል፣ ፍጥነቱን አይቀንስም። እኛ በምናልፍበት ሰዓት ወደ ሕዝብ መታጠቢያው ይሻገራሉ።» ይህን ብለው እኔን ማየት አቃታቸው።

በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ጥግ፣ ጋሪ እየገፋች ገላዋን ልትታጠብ የምትሻገር አንዲት አሮጊት ብቻ አለች። እናቴ ናት። የነፋሁት ደረት የት እንደገባ እንጃ።

«ዘጠኝ ጊዜ?» አልኩ።

«ዘጠኝ ጊዜ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ደግ የሠራሁ መስሎኝ፣ ለካ እናትህን በገዛ ብዕሬ መኪና ፊት አቁሜያቸው ኖሯል! ልጄ፣ ምክንያቱን የጻፍኩበትን ወረቀት መልሺልኝ። ልክ ልኩን ልጻፈው።»

ጻፉትም፤ አርባ አንዱንም። ፈቃዱ ሳይፈረም እስከ መጸው እንዲቆይ ተደረገ። መሐንዲሶቹ ተዋረድን አላሉም፤ ማሽኑ የጎበጠ ሰው እንዲለይ አስተማሩት። ዛሬ አውቶቡሱ ጥጉ ላይ ራሱ ይቆማል፤ አባባ ቶኩዞ እግራቸውን ሰብስበው ያዩታል። የተጻፈ ስህተት ይታረማል፤ ይሉኝታ የሸፈነው ግን ሰው እስኪያገኝ ያደባል።

እኔ ሃያ ሦስቱን ቤት እየዞርኩ ይቅርታ ጠየቅሁ። መጨረሻ የደረስኩት የገዛ ቤቴ ነው፤ መጀመሪያ ያተመችው እናቴ ነበረችና። ሁሉን ሰምታ፣ ጋሪዋን ተደግፋ ቀና ብላ አየችኝ።

«ማኅተሜን ስትጠይቀኝ፣ የት እንደምሻገር ለምን አልጠየቅኸኝም?» አለች።