ነገ ና

ምን አለሽ ተራ ከቆርቆሮ የከሰል ምድጃ እሠራለሁ። ባለፈው አንድ ወጣት ሰባኪ ደጄ ላይ ቆሞ በሜጋፎን «ጌታ በደጅ ነው! ነገ ንስሐ እገባለሁ የምትል ሁሉ፣ ነገ የአንተ አይደለችም!» እያለ መዶሻችንን አስቆመን። የፍርዱ እሳት ጋ ሲደርስ እጁን ሲያወናጭፍ የሜጋፎኑ እጀታ ተገንጥሎ ወደቀ።

«ጋሼ፣ ይጠግኑልኛል?» አለኝ።

«ነገ ና» አልኩት እንደ ልማዴ።

«እሺ፣ በጠዋት ልምጣ?»

ተራው በሳቅ ፈነዳ፤ ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ሰባኪው አንገቱን ደፋ። ያልሳቁት፣ ለምድጃቸው ሲመላለሱ የከረሙት እትዬ ዘነበች ብቻ ናቸው።

«አይዞህ ልጄ፣ አትፈር» አሉት፣ በአገጫቸው ወደ እኔ እየጠቆሙ። «ጌታስ ቃሉን አያጥፍም፣ ይመጣል። የማይመጣው የዚህ ሰውዬ ነገ ነው።»