የዘነበች ወገብና ካይቷ

ጎረቤቴ ዘነበች ማኅበር የማውጣት ተራዋ ሲደርስ ኮል አደረገችልኝና "ወገቤ ተያዘ፣ ከአልጋ መውረድ አቃተኝ" አለችኝ። አንጀቴን በላችውና ድግሱን እኔው ደገስኩላት። ሳምንት ሳይሞላ ልጄ "እማ፣ በጣም ደክሞሻል" ብላ አላስካ በሚሄደው የሽርሽር መርከብ ይዛኝ ወጣች። የመርከቡ አናት ላይ ሰው ሁሉ አንጋጦ ይስቃል። እኔም ቀና ስል ካይት፣ ያ ልጆች በክር ይዘው ነፋስ ላይ የሚለቁት፣ ይበራል። ክሩን በዓይኔ ብከተለው የያዘችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ዘነበች!

"ዘኑዬ፣ ወገብሽስ?" አልኳት።

"ውይ! ሐኪሙ አየር ቀይሪ ብሎኝ እኮ ነው።"

"ታዲያ አልጋሽ ነው ተንሳፎ እዚህ ያደረሰሽ?"

ደንግጣ ክሩን ለቀቀችው። ካይቷ ልትሄድባት ስትል ያቺ አልጋ የያዘች ሴትዮ አጎንብሳ፣ ተንጠራርታ፣ ዘላ ክሩን ጭብጥ!

"እሰይ፣ እግዜር ማረሽ! የመጪው ወር ማኅበር አንቺ ቤት ነው" አልኳት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።