የእያንዳንዱ ደጃፍ፣ የማንም ያልሆነ መንገድ

ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ በአናጢው ሽማግሌ ቤት የሚሰማው ድምፅ የዝናቡ ብቻ ነበር። በዚያ አገር ዋናውን መንገድ የሚጠግነው እያንዳንዱ መንደር በየወሰኑ፣ እያንዳንዱ ሰውም በየደጁ ነው። የእሳቸው ድርሻ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለች ናት፤ የሚመጣባት ሰው ግን የለም።

አንድ ቀን ዝናቡ እንዳባራ አንዲት ወጣት ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ከች አለች። የመንግሥት የመንገዶች መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ናት፤ መኪናዋ ከመንደሩ ወሰን በታች ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሯል። ሽማግሌው ወንበር ስበው አስቀመጧት። መሥሪያ ቤቱ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሊረከብ መሆኑን ስትነግራቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«ልጄ፣ ቢሮ የተቀመጠ ሰው የእኔን ደጅ ጉድጓድ መቼ ያየዋል?»

«እንደ እርስዎ ደጅ ያማረ አላየሁም፣ አባባ። ግን ይህ የቦዩ ውሃ የት ይሄዳል?»

«ወደ ታች ነዋ። ከወሰኑ ወዲያ የእነሱ ጣጣ ነው።»

«እነሱስ?»

ሽማግሌው ቦዩን ቁልቁል ተመለከቱ። የታችኞቹም ውሃውን ለቀጣዩ መንደር እንደሚለቁት ያውቃሉ። አንባቢ ይፍረድ እንግዲህ፤ ሁሉም ደጁን አሳምሯል፤ መንገድ ግን አልነበረም።

ወጣቷ ጥግ ላይ የቆመችውን ትንሽ የሕፃን አልጋ አይታ የማን እንደሆነች ጠየቀቻቸው። ለልጅ ልጃቸው ነው የሠሯት። ልጃቸው ሩቅ ነው ያገባችው፤ ከወለደች ወዲህ አልመጣችም፤ ረሳችኝ ብለው ተቀይመዋታል።

«አውቶቡሱ እኮ ወሰኑ ጋ ደርሶ ይመለሳል፣ አባባ። አራስ ልጅ አዝላ ያን ጭቃ እንዴት ትሻገረው?»

ሽማግሌው አልጋዋን ዳሰስ አደረጉ። «መንገዱን የዘጋሁባት እኔ ነኛ» አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለውም፣ «መንገዱን ስትወስዱት እኔ ቀኑን በምን እገፋዋለሁ?» ሲሉ ጠየቋት።

«እሱን አላውቅም፣ አባባ።»

ስላልዋሸቻቸው አመኗት። የመንገድ ሥራው ማሽን ሲመጣ የውሃውን መሄጃ እየዞሩ ያሳዩት እሳቸው ነበሩ።

መንገድ አንድ ባለቤት ሲኖረው ውሃው መውረጃ ያገኛል፣ በሽተኛ ሐኪም ቤት ይደርሳል፣ ዘመድ ከዘመዱ አይቆራረጥም። ይህ ሁሉ ሆነ። ሽማግሌው ግን አካፋቸውን ሰቅለው ደጃፍ ላይ ብቻቸውን ይውሉ ጀመር፤ አውቶቡሱም በየቀኑ ሳይቆም ያልፋል።

አንድ ቀን ቆመ። ልጃቸው ወረደች። እሳቸው የታዘለ ሕፃን ሲፈልጉ፣ የልጅ ልጃቸው ከኋላዋ በገዛ እግሩ ወርዶ ቀሚሷ ውስጥ ተደበቀ።

ያቺ አልጋ አልበቃችውም። ሽማግሌው እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው መለኪያቸውን አወጡ።

«ና እስቲ የእኔ ልጅ» አሉት፤ «ቀጥ ብለህ ቁምልኝና ልለካህ።»